ልጄ ዓርብ ዕለት ጥብስ ስበላ አየኝ

ከቡሬ የተላከልኝን ደብዳቤ አሳጥሬ ላቅርበው።

«የ41 ዓመት ሰው ነኝ። ቡሬ ላይ በቆሎና ጤፍ እነግዳለሁ። የ13 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። አባቴ በደብረ ኤልያስ በኩል መሪጌታ ናቸው። እኔንም ካህን ሊያደርጉኝ ፈልገው ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ በአለንጋ ነው። መልእክተ ዮሐንስ ላይ ስደርስ ጠፍቼ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ። ያኔ ልጅ ስወልድ እንዲህ አላደርግም ብዬ ማልሁ። ስለዚህ የሃይማኖቱን ነገር ለባለቤቴ ተውኩት። ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን የምትወስዳቸው እሷ ናት። ጸሎት ያስተማረቻቸውም እሷ ናት። እኔ ለጥምቀትና ለደብሩ ንግሥ ካልሆነ ብዙም አልሄድም።

በዚህ በሰኔ ጾም አንድ ዓርብ ቀን ከነጋዴዎች ጋር ጥብስ ስበላ ልጄ በቡና ቤቱ በር አለፈ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ማታ ቤት ገብቼ ከሁሉም ጋር ሽሮ በላሁ። ልጁ ዝም አለ። እሑድ ጠዋት እናቱ ለቅዳሴ ስትቀሰቅሰው አልሄድም አለ። ስቆጣው ‹አባዬ፣ አንተ የምትጾመው ለሰው ነው እንዴ?› አለኝ። በጥፊ መታሁት። ከዚያ ወዲህ በደንብ አያናግረኝም። ከስልኩ ላይም አይነሳም። በቀደም እናቱን ‹እግዚአብሔር ካለ አገሩ ለምን ሰላም አጣ?› ብሎ ጠየቃት። አባትህን ጠይቅ አለችው። እኔን ግን አልጠየቀኝም።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ‹ክረምቱን እኔ ዘንድ ላከው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ› አሉ። ባለቤቴ ሰንበት ትምህርት ቤት እናስመዝግበው ትላለች። እኔስ ራሴ የማላደርገውን እንዴት አስተምራለሁ? ሴቷ እንኳ ከእናቷ ጋር ደስ ብሏት ነው የምትሄደው። ለእሷ ሐሳብ የለኝም።»

ወንድም ዓለም፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ ደስ ያሰኘኝን ልንገርህ። ልጅህ ገና አልራቀም። ግድ የሌለው ልጅ አባቱ በጾም ቀን ጥብስ ሲበላ ቢያይ ዝም ብሎ ያልፋል። እንዲያውም ገብቶ አብሮ ይቀመጥ ነበር። ያንተ ልጅ ግን ተከፋ። ሁለት ቀን በሆዱ ይዞት ቆየ። የተከፋው ጾሙን ከምሩ ስለያዘው ነው። እናቱ ያስተማረችው ነገር ገብቶታል ማለት ነው። አንተ እንደ ድፍረት የቆጠርከው ጥያቄም መጽሐፍ ላይ ያለ ጥያቄ ነው። ትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 7ን አንብብ። እግዚአብሔር ለዓመታት ሲጾም የኖረውን ሕዝብ፣ የጾማችሁት በእውነት ለእኔ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ልጅህ ሳያውቀው የነቢዩን ጥያቄ ነው የጠየቀህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንተ የልጁን ዕድሜ ጽፈሃል፣ ግን ልብ ያልከው አይመስለኝም። ልጅህ 13 ዓመቱ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች በሰሜን በኩል፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ። ወንድ ልጅ ትንሽ ሳለ ከእናቱ ጋር በሴቶች በኩል ነው። ነጠላዋን ይዞ ይቆማል። ሲደክመው እግሯ ሥር ይቀመጣል። ከፍ ሲል ግን ያፍራል። ጓደኞቹ ያዩታል። ወደ ወንዶቹ በኩል መሻገር አለበት። ተሻግሮስ ማን አጠገብ ይቁም? የጓደኞቹ አባቶች አጠገብ? እናቱ የቱንም ያህል ብትጥር እዚያ ልትከተለው አትችልም። እዚያ ያለው ቦታ ያንተ ነው። ባዶ ነው ያገኘው።

ብዙ ሰው የጎረምሳ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን መራቅ የስልክ ጥፋት ነው ይላል። ስልኩም የራሱ ድርሻ ይኑረው፣ አልከራከርም። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚጠፋው እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው ባይ ነኝ። ከእናቱ ጋር መቆም ነውር ሆነበት። ከወንዶቹ ጋር የሚያቆመው ሰው አጣ። ስለዚህ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ይቀራል። ቀጥሎ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። ከዚያ ከነጭራሹ ከአልጋው አይነሳም።

ሌላም የሚያየው ነገር አለ። በእሑድ ቅዳሴ ለመቁረብ የሚሰለፈውን ሰው አስተውለህ ታውቃለህ? የታቀፉ ሕፃናት አሉ። ታዳጊዎች አሉ። አረጋውያን አሉ። ጎልማሳ ወንድ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በልጅነታችን እንቆርባለን። ጺማችን ማቀምቀም ሲጀምር እንተዋለን። ሽበት ሲወረን እንመለሳለን። ይህን ያዘዘ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የለም። እኛው ያመጣነው ልማድ ነው። ልጅህ ይህን እያየ አደገ። አባቱን ሲያይ ደግሞ ያው ሆነበት። ታዲያ ሃይማኖት የሕፃን፣ የሴትና የሽማግሌ ነው፣ ወንድ ሲሆኑ ይተዉታል ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? እሱ አሁን ወንድ ለመሆን እየተጣጣረ ነው። ወንድ ምን እንደሚመስል የሚማረው ከአንተ ነው። ብትፈልግም ባትፈልግም እያስተማርከው ነው የቆየኸው።

በነገራችን ላይ፣ እዚያው ቡሬ ዓርብ ዓርብ ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ መስጊድ የሚሄዱ ሙስሊም ጎረቤቶች አይጠፉህም። አባትዬው ለልጁ ብዙ ሲሰብክ አትሰማም። አብሮት ይሄዳል፣ አብሮት ይሰግዳል፣ አብሮት ይመለሳል። ልጁ የት መቆም እንዳለበት አይቸገርም።

ስለ አለንጋው ልናገር። አባትህ የገረፉህን ለልጆችህ ላለማውረስ መወሰንህን ከልቤ አከብራለሁ። በአገራችን ብዙ ሰው የተገረፈውን ያህል ይገርፋል። አንተ አላደረግከውም። ግን አለንጋውን ስትጥል ትምህርቱንም አብረህ ጣልከው። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ስለተሰጡህ መለየት አቃተህ። የሚያሳዝነው፣ ስንት ዓመት እጅህን ሰብስበህ ኖረህ በመጨረሻ በጥፊ የተማታኸው በዚሁ በሃይማኖት ጉዳይ ሆነ። አባትህን የሸሸህበት ነገር ዞሮ አገኘህ። ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ አባቶችን ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና ተግሣጽ አሳድጉ እንጂ አታስቆጧቸው ይላል። እዚያ ቦታ ላይ የተጠሩት አባቶች ናቸው። ምክሩንም የታዘዙት፣ አታስቆጡ የተባሉትም እነሱ ናቸው። አንተ ላለማስቆጣት ብለህ ምክሩንም ተውከው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጅህን ይቅርታ ጠይቀው። በእኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አልተለመደም። ክብሬ ይነካል ብለህ ትፈራ ይሆናል። ክብርህማ ያን ዓርብ በበሩ ሲያልፍ ነው የተነካው። አሁን የሚመልሰው እውነቱን መናገር ብቻ ነው። እናቱና እህቱ በሌሉበት፣ መንገድ ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ንገረው። «ያየኸው እውነት ነው። ዓርብ ጥብስ በልቻለሁ። ማታ ደግሞ እንደ ጿሚ አብሬያችሁ ተቀምጫለሁ። ያ ማታለል ነበር። እውነቱን ስለተናገርክ መምታቴ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ይቅር በለኝ።» ይኸው ነው። የነጋዴዎቹን ግፊት አታንሳ። ድካሜ ነው፣ ሥራዬ ነው አትበል። አንተም እንዲህ አድርገሃል ብለህ ወደ እሱ አትመልሰው። ወዲያው ይቅር ባይልህም አታስገድደው። የ13 ዓመት ልጅ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሊሄድ ይችላል። ሰምቶሃል።

ከዚያ የነፍስ አባት ካለህ ሂድ። ከሌለህ ያዝ። ባለቤትህ የነፍስ አባት እንዳላት እገምታለሁ፤ ለቤተሰቡ አንድ ቢሆን ጥሩ ነው። መቼ ትቆርባለህ፣ ምን ቀኖና ይሰጥሃል የሚለውን እኔ አልነግርህም። የእሳቸው ሥራ ነው። ለልጅህም ኃጢአትህን ሁሉ አትዘርዝርለት፤ የእሱ ሸክም አይደለም። ወደ የነፍስ አባትህ መሄድህን ግን ቢያውቅ መልካም ነው። ጎልማሳ ወንድ ንስሐ ሲገባ ይይ።

«ራሴ የማላደርገውን እንዴት አስተምራለሁ?» ላልከው። ይህ ጥያቄ ከቅንነት የመጣ ነው። ብዙ አባቶችን ያሰረም እሱ ነው። ሙሉ ሰው ልሁንና ከዚያ አስተምራለሁ ይላሉ። ልጁ አድጎ ይሄዳል፣ እነሱም ሙሉ ሳይሆኑ ይቀራሉ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያለውን አባት አስታውስ። ልጁ ታሞበት ወደ ጌታ ያመጣዋል። ለሚያምን ሁሉ ይቻላል ሲባል ምን አለ? «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። በቃ ያለችው እምነት ይህች ብቻ ነች። ግማሽ እንኳ አትሞላም። ያቺኑ ይዞ ልጁን አመጣው። ልጁም ዳነ። ያ ሰው እምነቴ ሲሞላ እመጣለሁ ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ልጁ ምን ይሆን ነበር?

አንተም ከምታውቀው ጀምር። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ቤተሰቡ አብሮ ይቁም። በስመ አብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ገብርኤል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መሪው አንተ ሁን። መሀል ላይ ቢጠፋህ ሴቷ ልጅህ ታስታውስሃለች፤ እሷ ሳትሸመድደው አትቀርም። አባት ከ8 ዓመት ልጁ ጸሎት ቢቀበል አያፍርም። ወንዱም ያየዋል። ገበሬ ልጁን እርሻ የሚያስተምረው ዕርፉን አስይዞ፣ የራሱን እጅ ከላይ ደርቦ አብሮት እየሄደ ነው፤ ጸሎትም ከዚያ የተለየ አይደለም።

አሁን ያልጠየቅከኝን ላንሳ። ነጋዴ ነህ። ልጅህ ከትምህርት ቤት መልስ መጋዘን እየመጣ እንደሚያግዝህ እገምታለሁ፤ የነጋዴ ልጅ ነውና። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 የእግዚአብሔርን ቃል ለልጅህ አስተምር ሲል ቦታውንም ይናገራል። በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ይላል። አንተ የምትውለው ሚዛኑ አጠገብ ነው። እዚያ ምን ይሰማል? ገበሬው በቆሎውን ጭኖ ሲመጣ «ማርያምን፣ ከዚህ በላይ ብከፍልህ ከስሬ ነው» ትላለህ? ትርፉን እያወቅክ ትምላለህ? በጎጃም ገበያ መሐላ እንደ ሰላምታ ቀሎ ቀርቷል። ልጅህ ግን ማታ በሰላመ ገብርኤል ሲል የሚጠራት ማርያምና ቀን በሚዛኑ ላይ የምትጠራት ማርያም አንድ መሆኗን ያውቃል። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል። ሚዛንህ አባይ ነው አላልኩም፤ አላውቅህም። የምልህ፣ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ልጅህ የሚያምነው ሚዛኑን ነው።

እስቲ ይህን ሞክር። ገበሬው ሳያውቅ ትርፍ ኪሎ ቢመጣብህ፣ ልጁ እያየ መልስለት። መሐላ አቁም፤ ለልጁም ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ላይ አልምልም ብለህ ንገረው። ስትስት እንዲያርምህ ፍቀድለት። ለአጥቢያህ አሥራት በኩራት የምታወጣ ከሆነ በባለቤትህ እጅ አትላክ። ልጁ ይዞ ከአንተ ጋር ይሂድ። ሰንበቴ ካለህም ከወንዶቹ ጋር ስትቀመጡ ይዘኸው ግባ። ጸበል ጻዲቁን ያድል፣ ጠላውን ይቅዳ፣ የሽማግሌዎቹን ጨዋታ ይስማ። እዚያ ቤት ብዙ ነገር ይማራል፤ የተጣላ ሲታረቅ ያያል፣ ሟች ሲታሰብ ይሰማል።

እናቱን የጠየቃት ጥያቄ ከባድ ነው። እግዚአብሔር ካለ አገሩ ለምን ሰላም አጣ? በዚህ በእኛ ዘመን በጎጃም የሚያድግ ልጅ ይህን ባይጠይቅ ነበር የሚገርመኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይቷል። መንገድ ሲዘጋ አይቷል። የለቅሶ ድንኳን አይቷል። እንዲህ አይባልም ብለህ አታፍነው። መልስ አለኝ ብለህም አትዋሽ። ዳዊትን አብራችሁ ክፈቱ። አባትህ በየቀኑ የሚደግሙት መዝሙር «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» በሚል ጩኸት የተሞላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያንን ጩኸት አልሰረዘችውም። በሳምንቱ ሰባት ቀናት ከፋፍላ ታስደግመዋለች። እንግዲህ ለልጅህ ልትነግረው የምትችለው አንድ እውነት ይህ ነው፤ ይህን መጠየቅ ከእምነት አያስወጣም፣ አባቶችህ በጸሎት ሲጠይቁት ኖረዋል። ቀሪውን አብራችሁ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። «እኔም መልሱን አላገኘሁትም፣ ና አብረን እንጠይቅ» የሚል አባት ያለው ልጅ፣ መልስ ፍለጋ ስልክ ውስጥ ብቻውን አይዋኝም።

ወደ አባትህ ልመለስ። መሪጌታ የልጅ ልጃቸውን ስለወደዱ ነው ላከው ያሉት። ደግሞም ቀላል ነገር አይደለም የሚሰጡት። ጎጃም እኮ የዲማ፣ የዋሸራ፣ የጎንጅ አገር ነው። ከየአቅጣጫው ቅኔ ፍለጋ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ የሚመጣ ተማሪ የሚሰበሰብበት አገር ነው። ያንተ ልጅ የኔታ በቤቱ እያለለት ሳያውቀው ቢቀር ያሳዝናል። ነገር ግን አሁን በዚህ መንገድ ብትልከው ቅጣት ይመስለዋል። አባቴ ጥፋቱን በእኔ ላይ ተወጣ ይላል። «አስተካክለዋለሁ» የሚለው ቃልም ያስፈራኛል፤ በምን እንደሚያስተካክሉ አንተ ታውቃለህ።

እኔ የምመክርህ አብራችሁ እንድትሄዱ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ሐምሌ 5 ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ሱቁን ለአንድ ሳምንት ለሰው ስጥና ከልጅህ ጋር አባትህ ዘንድ ውረዱ። መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ መሪጌታን ቡሬ አስመጣቸው። ከመሄድህ በፊት ግን ከአባትህ ጋር ለብቻ ተነጋገር። በአክብሮት፣ በግልጽ። «አባባ፣ አለንጋ አይኖርም። ይህን ቃል ካልሰጡኝ አላመጣውም» በላቸው። ምናልባት ይቆጡ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ለዓመታት ይህን ሲያስቡት የኖሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅ ጠፍቶ የሄደበት አባት ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል። ቃሉን ከሰጡህ አንተም መጽሐፍህን ይዘህ ተቀመጥ። መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው ያቆምከው። ከዚያው ቀጥል። ግዕዝ ንባቡን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን ከልጅህ እኩል እየተሳሳትክ አንብብ። እሱ ሊቀድምህ ይችላል፤ የልጅ ጭንቅላት ፈጣን ነው። ይቅደምህ። የ41 ዓመት ነጋዴ ከአባቱ ፊት ተቀምጦ ሲማር ያየ ልጅ፣ ይህ ትምህርት የሕፃን ነው አይልም።

የክርስትና አባቱስ የት አሉ? በ40 ቀኑ ሲጠመቅ በእሱ ምትክ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን የካዱ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን የመሰከሩ ሰው አሉ። ብዙዎቻችን የክርስትና አባትን ለድግስ ብቻ ነው የምናስታውሰው። በሕይወት ካሉ ጥራቸው። ጎረምሳ ልጅ አባቱን ሲኮራረፍ ሌላ የሚያዋየው ወንድ ያስፈልገዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ባለቤትህ ልክ ናት። ጓደኛ ያገኝበታል፣ መዝሙር ይማርበታል። እሱ እሺ ሲል አስመዝግቡት። አስመዝግበህ ስትጨርስ ግን ተገላገልኩ እንዳትል።

ሴቷ ልጅህን በሚመለከት ግን አልተስማማሁህም። «ለእሷ ሐሳብ የለኝም» ብለሃል። ለምን? እሷም እኮ ያንተ ልጅ ናት። አሁን ከእናቷ ጋር ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ እሷም 13 ዓመት ይሞላታል። እሷም አባቴ ለምን አይመጣም ትላለች። ሴት ልጅን ሃይማኖት ማስተማር የእናት ሥራ ብቻ ነው ያለህ ማነው? እዚሁ ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ ሴት ኖረው አልፈዋል። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት ቅኔ ቤት ትገባለች ተብሎ አይታሰብም፤ ያውም ዓይነ ስውር። እንጨት መልቀም የማትችል፣ ውሃ መቅዳት የምትቸገር ልጅ ተብላ ጥግ ልትቀመጥ ትችል ነበር። አባታቸው ግን ልጃቸውን ቅኔ አስተማሯቸው። ማንበብ ባይችሉም ይሰማሉ፣ ይይዛሉ፣ ይቀኛሉ። እማሆይ ገላነሽ ራሳቸው የቅኔ መምህር ሆኑ። ስንት ወንድ ተማሪ ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ዛሬ የጎጃም ሊቃውንት ሲጠሩ የእሳቸው ስም ሳይነሣ አይቀርም። እንግዲህ የእሳቸው አባት «ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ» ብለው ቢተዉት ምን እናጣ እንደነበር አስብ። ስለዚህ ደብረ ኤልያስ ስትወርዱ ሴቷንም ይዛችሁ ውረዱ። መሪጌታ ፊደሉን ለእሷም ያስቆጥሯት።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ልጆች በብዛት የሚጾሙበትና የሚቆርቡበት ወቅት ነው። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፣ ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል። ነጋዴ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሱቅ መዝጋት ይከብደዋል፤ አውቃለሁ። ሁሉንም ቀን ባትችል በሳምንት ሁለቱን ቀን ዝጋ። ልጅህ አብሮህ ከመጣ በሰሜን በኩል አጠገብህ ይቁም። ለሴቷ ጾሙን እንደ አቅሟ አድርጉላት፤ የምትጾምበትን ሰዓት የነፍስ አባታችሁ ይወስኑላችሁ።

አልመጣም ሊልህም ይችላል። ይህን ከአሁኑ ጠብቀው። ይቅርታ ስለጠየቅከው ብቻ በሚቀጥለው እሑድ ነጠላውን ለብሶ በር ላይ አይጠብቅህም። እንዲያውም ይፈትንሃል። እስከ መቼ እንደምትቆይ ያያል። ለሁለት ወር ይሁን ለዓመት አላውቅም። አንተ ሂድ። ስትመለስ ለምን አልመጣህም አትበለው፣ ፊትህንም አታጥቁር። እናቱም በየእሑዱ ከመቀስቀስ ትረፍ፤ ለእሷም ንገራት። ለብዙ ዓመት ይህን ነገር ብቻዋን ተሸክማለች፣ ደክሟታል። የመቀስቀሱ ተራ ያንተ ነው። እሱም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለህ፦ «እኔ ልሄድ ነው፤ ትመጣለህ?» ካልመጣ በሩን ዘግተህ ሂድ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ጠይቀው።